አራጋው በሕይወት ለመኖሩ ማረጋገጫ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሰላም ሲባል «ደህና ነኝ» ማለት ከተወ ቆይቷል። «እንደምታየኝ» ይልና ያልፋል። ጠዋት ደህና ነኝ ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ አሞት ሐኪም ቤት ቢሄድ የጠዋቱ ቃል ቀድሞት ይጠብቀዋል። በርበሬ ሻጯ «ደረቅ ነው» አትልም፤ «ዳስሰው» ትላለች። ጎረምሳ ልጃገረድ ሲያባብል «ይመስለኛል»ን ያስቀድማል፤ የመሰለ ነገር አይመዘገብምና። ልጆች ገመድ ሲዘሉ «ከሆነ፣ ነው፣ ስለዚህ» እያሉ ይዘላሉ።

ጆሮው በየበሩ መቃን ላይ ተሰክቷል። የአተር ፍሬ ያህላል፤ ሹክታም ይሰማል። መንገድ ላይም በየምሰሶው አለ። ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ ጀምሮ የተናገረው ሁሉ በስሙ ይቀመጣል። ቤት ሲከራይ፣ ሲያገባ፣ ሲወርስ፣ ሲቀብር፣ ከዚያ ከተቀመጠው ቃሉ መነሻ ያወጣና የሚፈልገው ነገር ከመነሻው እንደሚከተል ማረጋገጫ ቤት ገብቶ ያሳያል። ከተከተለ አረንጓዴ ይበራል። ካልተከተለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዳኛ የለም፤ ቀጠሮ የለም፤ ጉቦም የለም። በመጀመሪያው ሰሞን ሰዉ ደስ ብሎት ነበር።

አንድ ነገርና ተቃራኒው በአንድ ሰው ስም ሲገኙ ቃሉ ወደቀ ይባላል። ቃሉ የወደቀ ሰው ከዚያ በኋላ ምንም ማረጋገጥ አይችልም። ስለዚህ ቤት አይከራይም፤ ከተማ ውስጥ አይቀጠርም። የሚሄድበት ቦታ ቆላ ነው፤ ጨው አገር፣ ፖታሽ ማውጫው። እዚያ ጆሮ አልተተከለም። የሚሰማ ቃል ያለው ሰው የለማ።

የጎሚስታው የይማም ይመር ታናሽ ወንድም አራጋው እንደዚያ ነው የወረደው። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ነበር። ልጁን ሰዓዳን ለእናቱ ትቶ እንዲሄድ ቢለምኑት እምቢ አለ። በጀርባው አዝሏት ወረደ። ሰዓዳ ስምንት ዓመት ሲሞላት አራጋውን ንዳድ ያዘው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ቆሞ የወንድሙን መታመም ለይማም ነገረው። ይማም መፍቻውን እዚያው ጥሎ ተሳፈረ። ሲደርስ ወንድሙ ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ግን አላወቀውም። በማግስቱ ይማምና ሁለት ቆፋሪዎች አጥበው ገንዘው ቀበሩት። ሰዓዳም ዳር ቆማ በትንሽ እጇ አፈር አለበሰችው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከተማው መግቢያ ኬላ ላይ አስቆሟቸው።

«የልጅቷ አባት?» አለው ኬላ ጠባቂው።

«አርፏል።»

«አረጋግጠህ ውሰዳት።»

ልጅቷን ወደ ልጆች ማቆያ ወሰዷት። እስከ ዓርብ ካላረጋገጠ ወደ ማሳደጊያ ትላካለች። ማሳደጊያው ሩቅ ነው። እዚያ የገባ ልጅ አዲስ ስም ይሰጠዋል፤ የድሮ ስሙን የሚነግረው ሰው አይኖርም። ካደገ በኋላ ቤተሰቡን ፈልጎ የመጣ እስከ ዛሬ አልታየም።

ይማም ለብቻው ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ የእናቱ የወይዘሮ ዘሃራ ነው። ጎማ መለጠፊያውም እዚያው ደጃፉ ላይ ነው። እናቱ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ ነበር።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ እማዬ።»

«አራጋውስ?»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ይማም ያውቃል። ማታ አይነገርም። አንድ ሰው ለብቻው አይናገርም። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ፤ ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል፤ ደግፈው የሚይዙ ሴቶች አጠገቧ ይቀመጣሉ። እስከዚያ ድረስ ሟቹ ደህና ነው። አባቱ እንዲህ ሲያደርግ አይቷል፤ እሱም ለጎረቤት ሲያደርግ ኖሯል። ቃሉ ሳይጠራው መጣ።

«ደህና ነው።»

«አልከሳም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ደህና ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ትመጣለች።»

እናቱ ዱዓ አድርጋ ፊቷን አበሰች። መቃኑ ላይ ያለው ጆሮ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ይማም ጀርባውን ሰጥቶት ስለነበር አላየውም። ቢያየውም ምን ሊያደርግ ነበር?

ማልዶ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄደና፣ ወሬው ለእናቱ እንዳይደርስ ነገሩን ጽፎ አሳያቸው። ሼሁም ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሊመጡ ተስማሙ። ከዚያ ይማም ወደ ማረጋገጫ ቤቱ ሄደ።

ከማረጋገጫ ቤቱ አጥር ውጭ ጃንጥላ የዘረጉ ሰዎች በተርታ ተቀምጠዋል። ድሮ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ነው። አሁን መደምደሚያ አሰናጆች ይባላሉ። እያንዳንዱ ጉልበቱ ላይ የመለማመጃ ማሽን አለው፤ ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነገሩን እዚያ ይፈትሹለታል። ይማም ትብለጥ የምትባል ጠይም ሴት ፊት ተቀመጠ። የምትናገረው ጫት እንደሚቅም ሰው ከጉንጯ ጥግ ነው፤ ጫት ግን አልያዘችም።

«ምን ነበር፣ ጋሼ?»

ነገራት።

«እሱ ቀላል ነው። የሕፃን ሥራ። ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ፤ ቃልዎን ላምጣው።» ጻፈችና አነበበችለት። «አባትና እናት የሞቱባት ልጅ ለአባቷ ወንድም ትሰጣለች። የሰዓዳ አባትና እናት ሞተዋል። ይማም የአባቷ ወንድም ነው። ስለዚህ ሰዓዳ ለይማም ትሰጣለች። አበቃ።»

አረንጓዴ በራ። ይማም ተነፈሰ፤ ሊነሳ ጉልበቱን ያዘ።

ትብለጥ ግን አልተንቀሳቀሰችም። መብራቱን ታየዋለች።

«ቶሎ በራ» አለች።

«ቶሎ ቢበራ ምን ይጎዳል?»

«ይቀመጡ እስቲ።» ሌላ መስመር ጻፈች። አረንጓዴ በራ። ትብለጥ ከንፈሯን ነከሰች።

«ምን ብለሽ ነው?»

«ይማም በቅሎ ነው ብዬ።»

ቀጥሎ ካለው ጃንጥላ ሥር አንድ ጥርሱ የወለቀ አሰናጅ አንገቱን አስግጎ አየ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ! እኔ ዘንድ ሁለት ኩንታል ጭነት አለ፤ እስከ ሐይቅ ስንት ይላሉ?»

«ዝም በል አንተ!» አለችው። ደግሞ ጻፈች። «ሰዓዳ የይማም አያት ናት።» አረንጓዴ። «ኮምቦልቻ ባሕር ውስጥ ናት።» አረንጓዴ። ማሽኑን ዘጋችው።

ይማም በቅሎ ሲባል አልሳቀም። «ምን ማለት ነው?» አለ።

«ቃልዎ ውስጥ አንድ ነገርና ተቃራኒው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ የጠየቁትን ሁሉ እሺ ይላል፤ እምቢ የሚልበት መሠረት አጥቷል። ይሄ መለማመጃ ስለሆነ ነው። ውስጥ ያለው ግን ይሄን ሲያገኝ ሁሉንም ይዘጋል። ቃልዎ ይወድቃል። ልጅቷም ትሄዳለች፤ እርስዎም ይሄዳሉ ወደ ቆላ።»

«እኔ ምን ተናገርኩ?»

አነበበችለት። «ማክሰኞ፣ ኬላ ላይ፦ አርፏል። ማክሰኞ ማታ፣ ቤትዎ፦ ደህና ነው። ደግመው ደግሞ፦ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ደህና ነው።»

ይማም መሬት መሬት አየ። «እናቴ ናት የጠየቀችኝ» አለ። «መርዶ ነው። ማታ፣ ለብቻዬ፣ ለአሮጊት ልንገራት?»

«አውቃለሁ። እኔም እናት አለችኝ። ይሄን ስህተት ይዞ የሚመጣ ሰው በሳምንት አላጣም፤ ሁሉም እንደርስዎ ደግ ልጅ ነው።»

«ማሽኑን የሠራው ፈረንጅ ነው?»

«የእኛው ልጆች ናቸው። መርዶን ማስገባት ረሱት። ኋላ ሲነገራቸው ደግሞ ተከራከሩ፤ አንድ ጊዜ መዋሸት ከተፈቀደ የቱ ጋ ይቆማል አሉ።»

«የቀበሩት ሁለት ሰዎች አሉ። ይመስክሩ።»

«ቃል አላቸው?»

የላቸውም።

«እናቴስ ትናገር፤ እነግራታለሁ።»

«አይተው ነው? ያላየ ሰው ቃል ለሞት አይሆንም። ልጅቷ አይታለች፤ ግን ሕፃን ናት፤ የሕፃን ቃል አይመዘገብም።»

«ደህና ነው ያልኩትን ልተወዋ! ውሸት ነበር ልበል።»

«ሞቱን ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው ያሉት። አውቀው ዋሹ ማለት ነው። ያኔም ይወድቃሉ።» ትብለጥ ጃንጥላዋን ወደ ፀሐይዋ አዘነበለች። ቀስ ብላ ቀጠለች። «አንድ መንገድ አለ። ደስ አይልም። የኋላ ቃል የፊተኛውን ያርማል የሚል ሕግ አለ። ሰው ደንግጦ፣ ወሬ ሰምቶ፣ ሞተ ብሎ ይሆናል፤ ኋላ ሲረጋጋ ደህና ነው ካለ ይታረምለታል። አይቀጣም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ወንድምዎ በሕይወት አለ።»

ጥርሰ ወላቃው አሰናጅ ይሄን ጊዜ አልቀለደም። ፊቱን አዞረ።

«በሕይወት ያለ አባት» አለች ትብለጥ እየጻፈች፣ «ልጁ ማቆያ ገብታ ካልመጣ፣ ጥሏታል። የተጣለች ልጅ ለአባቷ ወንድም ትሰጣለች። አራጋው በሕይወት አለ። አልመጣም። ስለዚህ ጥሏታል። ስለዚህ ሰዓዳ ለይማም ትሰጣለች።»

መብራቱ ጥቂት ቆየና አረንጓዴ በራ። ትብለጥ በቅሎውን ሞከረችው፤ ቀይ ሆነ። «በቅሎ አይደሉም» አለች። ለመሳቅ አልሞከረችም።

«በጀርባው አዝሏት ነው የወረደው» አለ ይማም። «ላብ አደሮቹ አብረው ሲበሉ እሱ ድርሻውን ለእሷ ይሰጥ ነበር። እየሞተም እጇን አለቀቀም፤ እኔ ነኝ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኋቸው።»

«ይሄን ሌላ ቦታ አይናገሩት። እዚህ ጃንጥላው ሥር ጆሮ የለም፤ ግን አፍዎ እንዳይለምድ።» ማሽኑን ጉልበቷ ላይ አገላበጠችው። «ሌላም ልንገርዎት። በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም። ከቤትዎ ለቅሶ ከተሰማ እንደገና ይጠየቃሉ። መርዶም፣ ሰደቃም፣ ድንኳንም የለም። ዛሬም፣ ለከርሞም። እናትዎ ይህን ዓለም እስኪሰናበቱ ልጃቸው ደህና ነው።»

ሌላ ባለጉዳይ መጥቶ ከኋላው ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። ይማም ተነሳና ወደ ውስጥ ገባ።

ውስጥ ሰው የለም። ንጹሕ ክፍል ነው፤ አንድ ወንበርና አንድ መብራት አለው። ድምፁ የሴት ነው፤ ለስላሳ።

«ይማም ይመር፣ ስለ ወንድምዎ ሁለት ቃል አለዎት። የኋላው የፊተኛውን ያርማል?»

«ያርማል።»

«አራጋው ይመር በሕይወት አለ?»

ጥፍሩ ሥር የጨው አገር አፈር አሁንም ነጭ ሆኖ ይታያል። በሳሙና አልለቀቀለትም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አለ።»

«ልጁን ሊወስድ መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«ስለዚህ?»

ስለዚህን ራሱ ሰውየው መናገር አለበት። ሕጉ ነው። ማሽኑ ለሰው መደምደሚያ አያቀብልም።

«ስለዚህ ጥሏታል» አለ ይማም።

አረንጓዴ በራ። «ወንድምዎ በሕይወት በመኖሩ እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ድምፁ።

ወደ ማቆያው ከመሄዱ በፊት በሼህ እንድሪስ ደጃፍ አለፈ። ሼሁ በረንዳው ላይ መቁጠሪያ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ቅዳሜ አትምጡ» አላቸው።

«እሑድ ይሁን?»

«እሑድም አይሁን።»

«ይማም፣ መርዶ ይመለሳል እንዴ?»

«መርዶ የለም፣ ሼህ። ወንድሜ በሕይወት አለ።»

ሼሁ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥለው የበራቸውን መቃን አዩ። መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ቆመ። ማልደው ለአራጋው ሰግደውለት ነበር።

«ደግ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደግ ነው፤ ይመስለኛል።»

ሰዓዳን ማቆያው ደጃፍ ላይ አስረከቡት። የሌላ ልጅ ጫማ አድርጋለች፤ ሲራመዱ ይንቋቋል። አውራ ጣቱን ያዘች። ይማም ጆሮ የሌለበት፣ ሰውም የማይሰማበት ቦታ አግኝቶ ሊነግራት አሰበ። ድሮ ድልድዩ ላይ ጆሮ አልነበረም። ሲደርሱ አዲስ ምሰሶ ተተክሎበታል። ጽፎ እንዳያሳያት ልጅቷ ማንበብ አልተማረችም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሳያት። እሷም ጨዋታ መስሏት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሲያያት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ቤት ሲገቡ አሮጊቷ ልጅቷን ፊቷን፣ አንገቷን፣ መዳፏን ሳመቻት። «አባቷን! ቁርጥ አባቷን!» አለች። ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት፤ ወተት አፈላችላት። ጨው አገር ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደሚበሉ ጠየቀቻት። ሰዓዳ ግመል ላይ እንደወጣች ነገረቻት። ትንሽ ጊዜ ቤቱ ቤት መሰለ።

ከዚያ ጆሮው ተናገረ። ለቤተሰብ ማሳወቅ ደንብ ነው።

«ወይዘሮ ዘሃራ፣ ልጅዎን የሚመለከት መደምደሚያ ተረጋግጧል። አራጋው ይመር በሕይወት አለ። አራጋው ይመር ልጁን ጥሏል። ሰዓዳ አራጋው ለይማም ይመር ተሰጥታለች።»

አሮጊቷ ወተቱን ከእሳት አወረደች።

«ጥሏል?» አለች። «አራጋው? ልጁን አዝሎ የወረደው አራጋው? ይማም፣ ምንድን ነው የሚለው?»

ይማም አፉ ውስጥ ቃል ፈለገ። ከማይጋጩት ውስጥ እውነት የሆነ አንድ አገኘ።

«ተረጋግጧል፣ እማዬ።»

«እሱንማ ሰማሁት። አንተን ነው የምጠይቅህ።»

ሰዓዳ ዳቦውን ከአፏ አወጣች። ግራ ገብቷታል። ግድግዳውን አየች፤ አጎቷን አየች።

«አያ» አለችው፣ «አባዬ በሕይወት ካለ፣ ያን ቀን የቀበርነው ማንን ነው?»

የሕፃን ቃል አይመዘገብም። የሚመዘገበው መልሱ ነው። ይማም መልሶቹን አንድ በአንድ አያቸው። አንዱ ለእናቱ ልጇን ይመልስላታል፤ ቢያንስ የምታለቅስለትን። ልጅቷን ግን ከመንጋቱ በፊት ይወስዷታል።

«ሌላ ሰው ነው» አለ። «የማናውቀው ሰው።»

አሮጊቷ የልጇን ፊት አየች። ዝቅ ብላ እጁን አየች፤ ጥፍሩን። ዓይኗ እዚያ ቆየ። በዕድሜዋ ብዙ መርዶ ሰምታለች፤ ብዙም ደብቃለች። ደህና ነው ሲባል እንዴት ያለ ፊት ይዞ እንደሚባል ታውቃለች። ይማም እንዳወቀች አየ። ጩኸቱ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ድረስ ሲመጣ፣ አንገቷ ሲያብጥ አየ። እጇ ደረቷን ሊመታ ተነሳ።

እጇ አየር ላይ ቆመ። መቃኑን አየች። ከዚያ ወተት ከንፈሯ ላይ የደረቀባትን ልጅ አየች።

እጇን አወረደችው። ስትናገር ድምፅዋ ጮክ ያለ ነበር፤ ፊቷም ወደ በሩ ነበር።

«ልጁን ጥሎ የሄደ ልጅ የእኔ አይሁን» አለች። «ያጠባሁት ጡቴ ይፋረደው! የሄደበት አይቅናው። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስሙ አይጠራ። አራጋው የሚባል እንዳልወለድኩ ይቆጠር።»

እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ አንገቷ ሥር ይገባል። አላበሰችውም። ሳግ እንዳያመልጣት በየቃሉ መሐል ጥርሷን ትነክሳለች። ጆሮው አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ቃሏን ወሰደ።

ሰዓዳ ሁለቱንም ተመለከተቻቸው። አጎቷ አንገቱን ደፍቷል። አያቷ በጣም ተቆጥታ እያለቀሰች ነው። ትልቅ ሰው እንዲህ የሚሆነው እውነት ሲሆን ነው። ያን ቀን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ሰው ፊቱን ሸፍነውት ስለነበር፣ መጨረሻ ላይ በትክክል አላየችውም ነበር። ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ምን አድርጌው ነው የሄደው?» አለች።